ኢንሱሌሽኑን በራስዎ ወይስ በኮንትራክተር?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ላላቸው ወገኖች የቀረበ ማሳሰቢያ

ብርዱ ጠንከር ሲል በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም የሚሰማው ሮሮ አንድ ነው፤ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል፣ ቤቱ ግን አይሞቅም፣ ቢሉ ደግሞ ያስደነግጣል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ማሞቂያው ላይ ይጥልና አዲስ ይገዛል። ሙቀቱ የሚያመልጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በኮርኒሱ በኩል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በከተማዋ ዙሪያ በገፍ የተሠሩት የጡብ ቤቶች በተሠሩበት ዘመን ነዳጅ ርካሽ ስለነበር፣ አቲካቸው ውስጥ የተነጠፈው ኢንሱሌሽን ስስ ነው፤ በአንዳንዱም እስከነአካቴው የለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ እንደሚገምተው፣ የአየር ቀዳዳዎችን ደፍኖ አቲኩንና የቤቱን የታችኛውን ክፍል በኢንሱሌሽን ያለበሰ ባለቤት ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪው በአማካይ 15 በመቶ ያህል ያተርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ “ራሴ ልሥራው ወይስ ሰው ልቅጠር?” የሚል ነው። አብዛኛው ሰው ይህን በዋጋ ብቻ ይመዝነዋል። እኛ የምንመክረው መመዘኛ ሌላ ነው፦ ብሳሳት ስህተቱ ይታየኛል? ከታየኝስ ላነሣው እችላለሁ? አቲክ ወለል ላይ ያለቦታው የተነጠፈ ፋይበርግላስ ነገ ወጥተው ያነሡታል። ግድግዳ ውስጥ የተረጨ ፎም ግን ደርቆ ከእንጨቱ ጋር ከተጣበቀ በኋላ ግድግዳው ካልፈረሰ አይወጣም። የሚከተለው ሁሉ ከዚህ መመዘኛ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ ወጥተው ይዩ

• ዕቃ ከመግዛትዎም ኮንትራክተር ከመጥራትዎም በፊት አቲክዎን በዓይንዎ ይዩት። በማለዳ ይውጡ፤ በጁላይ ከሰዓት በኋላ አቲክ ውስጥ ያለው ሙቀት ጤነኛውን ሰው ይጥላል። እጀ ረጅም ልብስ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ኤን-95 ማስክ አይለዩዎት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩንም ያረጋግጡ።

• እግርዎን ከተሸካሚ እንጨቶቹ ሌላ የትም አያሳርፉ። በእንጨቶቹ መካከል ያለው ድራይዎል ሰው አይሸከምም። ሰፊ ጣውላ ይዘው ይውጡና በሁለትና በሦስት እንጨቶች ላይ አጋድመው በእሱ ላይ ይንበርከኩ።

• ጠጠር የሚመስል፣ ግራጫ ወይም ቡናማ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ነገር ፈስሶ ካዩ አይንኩት፣ አይጥረጉት፣ በቫኪዩምም አይምጠጡት፤ ቀስ ብለው ወርደው በሩን ይዝጉ። ይህ ቨርሚኩላይት ነው። ከ1919 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተሸጠው ቨርሚኩላይት ከ70 በመቶ በላይ የሆነው የወጣው በሞንታና ግዛት ሊቢ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለ ማዕድን ነው፤ ያ ማዕድን ደግሞ በአስቤስቶስ የተበከለ ነበር። ኢፒኤ የሚመክረው ቨርሚኩላይት ያለበት ቤት ሁሉ አስቤስቶስ እንዳለበት ተቆጥሮ እንዲያዝ ነው። ማስወገዱ አስቤስቶስ ለማንሣት የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ድርጅት ሥራ ነው። ካልተነካ ባለበት ብዙም አይጎዳም፤ የሚገድለው ሲበተን የሚተነፍሱት አቧራ ነው።

• በሸክላ መያዣዎች ላይ የተዘረጋ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ካዩ ኢንሱሌሽን አያልብሱበት። ይህ ዓይነቱ ገመድ የተሠራው በአየር እየቀዘቀዘ እንዲሠራ ነው፤ ሲሸፈን ይግላል። መጀመሪያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይየው።

• የውሃ ምልክት፣ ጥቁር ሻጋታ ወይም የአይጥ ኩስ ካለ ኢንሱሌሽኑ ይቆይ። የሚያፈስ ጣሪያ ላይ የሚነጠፍ አዲስ ፋይበርግላስ ገንዘብን ውሃ ውስጥ መድፋት ነው።

• ያለውን ኢንሱሌሽን ውፍረት በማስመሪያ ይለኩ። የኢንሱሌሽን አቅም የሚለካው አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሙቀት ማገዱም ይጨምራል። ለእኛ አካባቢ የአየር ጠባይ የኢነርጂ ስታር ምክር፣ ምንም የሌለበት አቲክ እስከ አር-60፣ ከ3 እስከ 4 ኢንች ያለበት ደግሞ ተጨማሪ አር-49 እንዲደረግበት ነው። ከተፈጨ ወረቀት የሚሠራው ሴሉሎስ በአንድ ኢንች ወደ አር-3.5 ስለሚሰጥ፣ አር-60 ማለት ወደ 17 ኢንች ገደማ ከፍታ ነው። በማሽን የሚነፋ ፋይበርግላስ በኢንች የሚሰጠው ከዚህ ያንሳል፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ መከመር አለበት።

በራስዎ ሊሠሩት የሚችሉት

አቲኩ ንጹሕ፣ ደረቅና ሰው የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ወለሉን ራስዎ ማልበስ ይችላሉ። እንዲያውም ሥራው ከሁሉም ይልቅ የሚፈልገው ትዕግሥት ስለሆነ፣ የራሱን ቤት የሚሠራ ሰው ከተቻኮለ ቅጥረኛ የተሻለ ሊሠራው ይችላል።

• ከማንጠፍዎ በፊት ቀዳዳ ይድፈኑ። በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ያስታውስ። ፋይበርግላስ ሙቀትን ያዘገያል እንጂ ነፋስን አያቆምም፤ ቀዳዳ ሳይደፍኑ ማንጠፍ ጋቢ ለብሶ በሩን ከፍቶ እንደመቀመጥ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በእያንዳንዱ ክፍተት ወደ አቲክ ያመልጣል፣ በምትኩም ቀዝቃዛው አየር ከታች በቤዝመንት በኩል ይገባል። የኤሌክትሪክ ገመድና የውሃ ቧንቧ የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች፣ የግድግዳዎቹን የላይኛ ጫፍ፣ የመብራት ሳጥኖቹን ዙሪያ አንድ በአንድ ይፈልጓቸው። አሮጌው ፋይበርግላስ የጠቆረበት ቦታ አየር የሚያልፍበት ነው፤ ጥቁረቱ ለዓመታት ያጣራው አቧራ ነው። ትንንሹን በሲሊከን፣ ተለቅ ያለውን በጣሳ በሚሸጠው ፎም ይድፈኑ።

• የጋዝ ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያ የጭስ ማውጫ ቱቦ ዙሪያ ግን በተራ ፎም አይድፈኑ፤ ይቃጠላል። እዚያ የሚገባው ቆርቆሮና ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ማሸጊያ ነው። ኢንሱሌሽኑም ከቱቦው ርቆ ይቁም።

• ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩትን መብራቶች ሳያጣሩ አይሸፍኑ። መብራቱ ላይ “አይሲ” የሚል ምልክት ካለ ኢንሱሌሽን ሊነካው ይችላል። ከሌለ ዙሪያውን ቢያንስ 3 ኢንች ክፍት መተው ወይም መብራቱን መቀየር ግድ ነው። የኤልኢዲ መብራት አሁን ርካሽ ነው፤ ቢቀይሩት ይሻላል።

• በጣሪያው ጠርዝ በኩል የሚገባውን አየር አይዝጉ። አቲክ መተንፈስ አለበት። በጠርዙ በኩል የአየር መንገድ የሚጠብቁ የፕላስቲክ ወይም የካርቶን መከለያዎች ይሸጣሉ፤ ኢንሱሌሽኑ ከመግባቱ በፊት ይምቷቸው።

• የመታጠቢያ ቤቱ ፋን የሚተነፍሰው ወዴት እንደሆነ ይመልከቱ። አቲክ ውስጥ ክፍት ሆኖ ከቀረ እንፋሎቱ ጣውላውን ያሻግታል፤ በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ።

• ወረቀት የተለጠፈበት ፋይበርግላስ የሚያነጥፉ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ታች፣ ሰው ወደሚኖርበት ክፍል ይዙር። በነባሩ ላይ ሁለተኛ ድርብ ሲጨምሩ ግን ወረቀት የሌለውን ይግዙና ከመጀመሪያው ጋር አቋርጠው ያንጥፉት። በሁለት ወረቀቶች መካከል የታሰረ እርጥበት መውጫ የለውም።

• የሚነፋውን ዓይነት ከመረጡ፣ ትልልቆቹ የቤት ዕቃ መደብሮች የተወሰነ ከረጢት ለሚገዛ ሰው መንፊያ ማሽኑን ያለኪራይ ይሰጣሉ። ሥራው ግን የአንድ ሰው አይደለም፤ አንዱ ከታች ማሽኑን ከከረጢቱ ይሞላል፣ አንዱ ከላይ ቱቦ ይይዛል። የድሮው ደቦ እዚህ ላይ ጥሩ ይሠራል። ለደቦ የመጣ ወዳጅ ከመሰላል ቢወድቅ የሚያሳክመው ማን እንደሆነ ግን አስቀድመው ያስቡ፤ የቤትዎን ኢንሹራንስ አንብበው ይጀምሩ።

• የአቲኩን መግቢያ ክዳን አይርሱት። ሌላው ሁሉ በ17 ኢንች ተሸፍኖ መግቢያው ባዶ ስስ ጣውላ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

ለባለሙያ የሚተዉት

ግድግዳ። ከውስጥ ወይም ከውጭ እየተበሳ የሚሞላ ነው፤ ባዶ የቀረው ቦታ አይታይም፣ የገባ ውሃም አይታይም። ባለሙያው ባዶ ቦታ መቅረት አለመቅረቱን የሚያይበት የሙቀት ካሜራ አለው።

ኬፕ ኮድ የሚባለው ቤት የላይኛ ፎቅ። ጣሪያው እስከ ወለሉ ተዳፍቶ የሚወርድ፣ ከአጭር ግድግዳ ጀርባ ጨለማ ጉድጓድ ያለው ቤት በአካባቢያችን ሞልቷል። ነፋስ የሚገባው ከአጭሩ ግድግዳ ሥር በወለሉ በኩል ነው፤ ያን ያላወቀ ሰው ግድግዳውን ብቻ አልብሶ ይወርዳል። ክፍሉም እንደበፊቱ ይቀዘቅዛል።

በሁለት በርሜል የሚመጣው የሚረጭ ፎም። ኬሚካሉ ሲረጭ አየር ውስጥ የሚበተነው አይሶሳያኔት አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ረጪው ልዩ የመተንፈሻ መሣሪያና ሙሉ ልብስ ያስፈልገዋል፣ ቤተሰቡም ቤቱን ለቅቆ መቆየት አለበት። በርካሽ እሠራለሁ ብሎ ማስክ ብቻ አድርጎ የመጣን ሰው ከደጅ ይመልሱት። መጠኑ ተሳስቶ የተቀላቀለ ፎም ለወራት የሚሸት ቤት ያወርሳል።

ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ግድግዳ ወይም መስኮት የሚነካ ሥራ ሁሉ። በእርሳስ ቀለም የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ለክፍያ የሚሠራ ድርጅት በእርሳስ ቀለም አያያዝ ከኢፒኤ ዕውቅና እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የምስክር ወረቀቱን ያሳይ ይበሉት።

ኮንትራክተር ሲቀጥሩ

እኛ ሐበሾች አንድ የታወቀ ደካማ ጎን አለን። “ያገር ልጅ ነው፣ በእገሌ በኩል ነው የመጣው” ካልን ውል መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ነውር አይደለም። ጨዋ ሠራተኛ ውሉን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ወዳጅነትንም የሚያቆየው ውሉ ነው።

• የሥራ ፈቃዱን ቁጥር ይጠይቁና ራስዎ ያጣሩ። በሜሪላንድ ፈቃድ የሚሰጠው የቤት ማሻሻያ ኮሚሽኑ ኤምኤችአይሲ፣ በቨርጂኒያ ዲፒኦአር፣ በዲሲ ደግሞ ዲኤልሲፒ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራክተር ሥራ አበላሽቶባቸው ለተጎዱ ደንበኞች የሚከፍል የዋስትና ፈንድ አለ፤ ፈቃድ የሌለውን የቀጠረ ሰው ግን ከፈንዱ አያገኝም። በዲሲ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማይመች ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ የሰጠዎት መብት ነው።

• ቀብድ አያብዙ። በሜሪላንድ ሕግ ኮንትራክተር ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበል አይችልም። ሕጉን የማይጠቅሱበት ቦታም ቢሆኑ በዚሁ ይጽኑ። “ግማሹን በካሽ አሁን” ያለ ሰው ነገ ስልክ ላያነሣ ይችላል።

• ሦስት የዋጋ ግምት ይሰብስቡ። ሦስቱ የሚነጻጸሩት ግን ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ሲናገሩ ነው። “ኢንሱሌሽን ማስገባት” ብቻ የሚል ወረቀት ምንም አይነግርዎትም። የዕቃው ዓይነት፣ የሚሸፈነው ካሬ ጫማ፣ የሚደርሰው አር-ቫልዩ፣ የአየር ቀዳዳ መድፈኑ መካተት አለመካተቱ ይጻፍበት። መድፈን ያልተጠቀሰበት ርካሽ ዋጋ ርካሽ የሆነው በዚያው ምክንያት ነው።

• ሠራተኞቹ ከሠሩ በኋላ ከረጢት ይቁጠሩ። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ለስንት ካሬ ጫማና ለየትኛው አር-ቫልዩ ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብም ሠራተኛው የሸፈነውን ስፋት፣ ውፍረቱንና አር-ቫልዩውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያዛል። በሚነፋው ዓይነት አቲኩ ውስጥ ከፍታ የሚያሳዩ ማስመሪያዎች መተከል አለባቸው፤ ወጥተው ያንብቧቸው። አየር ነፍተው ያሳበጡት ክምር ውሎ አድሮ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከከፍታው ይልቅ የከረጢቱን ቁጥር ይመኑ።

• የተጠያቂነትና የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ ማስረጃ በቀጥታ ከኢንሹራንሱ ድርጅት እንዲላክልዎ ያድርጉ። በስልክ ፎቶ የሚያሳዩት ወረቀት ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል።

• በርዎን አንኳኩቶ በመጣ ሻጭ ፊት አይፈርሙ። ፈርመው ከሆነ ደግሞ አይደንግጡ፤ ቤትዎ መጥቶ ያስፈረመዎት ከሆነ በፌዴራሉ ደንብ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን መሰረዝ ይችላሉ። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸው ደንብ ውሉ ሻጩ ባስረዳበት ቋንቋ እንዲጻፍ ያዛል። በአማርኛ አሳምኖ በእንግሊዝኛ ማስፈረም ደንቡን መጣስ ነው።

• “30 በመቶውን መንግሥት ይመልስልዎታል” የሚለውን አይቀበሉ። ያ የፌዴራል የግብር ቅናሽ በ2025 በወጣው ሕግ ምክንያት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚጠናቀቅ ሥራ ቀርቷል። ቢኖርም ኖሮ ለኢንሱሌሽን የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ እንጂ በጉልበቱ ላይ አልነበረም።

• የመጨረሻውን ክፍያ ወጥተው ሳያዩ አይክፈሉ። ከተቻለ ከሥራው በፊትና በኋላ ብሎወር ዶር የተባለው ፍተሻ ይደረግ። በር ላይ ትልቅ ፋን ገጥመው ቤቱ ምን ያህል አየር እንደሚያስወጣ በቁጥር ይለካሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ከሆኑ ቀዳዳው አልተደፈነም።

ቤቱ ከታሸገ በኋላ

ከባለሙያም ብዙው የማያነሣው፣ ለእኛ ቤት ግን ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ይህ ነው። የሚያፈስ ቤት ነፋሱን ሲያስገባ ጭሱንም ያስወጣ ነበር። ከታሸገ በኋላ ውስጥ የተነሣው ሁሉ ውስጥ ይቀራል።

• ቤት ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉ፤ ለቡናም፣ ለዕጣንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፣ ለዕጣንም የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። ባህሉ አይጎድልም።

• በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር ይኑር። ቤዝመንት ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ፣ ቤቱ ከታሸገ በኋላ ጭሱ በትክክል ወደ ውጭ መውጣቱን ባለሙያ ይፈትሽ። አቲኩን ራስዎ የሠሩ ቢሆንም ይህን አንዱን ከፍለው ያሠሩ።

• እንጀራ ሲጋግሩ ፋን ይክፈቱ። የምጣዱ እንፋሎት ቀላል አይደለም፤ ሳምንት በሳምንት የሚጋገርበት ቤት እርጥበቱ በቀሩት ቀዳዳዎች ወደ አቲክ ወጥቶ በቀዝቃዛው የጣሪያ ጣውላ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ከዚያም ሻጋታ። ከምድጃዎ በላይ ያለው ፋን ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው ወይስ አጣርቶ መልሶ ወጥ ቤት ውስጥ የሚነፋ? ብዙዎቹ ሁለተኛው ናቸው። በርበሬ የሚቆላበት ቤት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው።

ገንዘብ ላነሰው፣ ለተከራይም

ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ ዌዘራይዜሽን አሲስታንስ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል እጥፍ ላልበለጠ ቤተሰቦች ፍተሻውንም ኢንሱሌሽኑንም ያለክፍያ ይሠራል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች ቅድሚያ አላቸው፤ ተከራይም በአከራዩ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። በሜሪላንድ ማመልከቻው በቤቶችና ማኅበረሰብ ልማት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ከዚህ ገቢ በላይ ላሉትም በ2008 በወጣው የሜሪላንድ የኤምፓወር ሕግ መሠረት ፔፕኮና ቢጂኢን የመሰሉ የመብራት ኩባንያዎች የቤት ፍተሻና የዋጋ ድጎማ ያቀርባሉ። ኮንትራክተር ከመጥራትዎ በፊት ለመብራት ኩባንያዎ ይደውሉ፤ አንዳንዱ ድጎማ አስቀድሞ ላላመለከተ አይሰጥም።

ኮንዶ ወይም ታውን ሃውስ ያላችሁ፣ አቲኩ የእናንተ ይሁን የማኅበሩ መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን ተመልከቱ። ከጎረቤት ጋር የሚለየው ግድግዳ እሳት እንዳያልፍበት የተሠራ ነው፤ አትብሱት።

በመጨረሻ ለወጣቶቹ፦ እናትና አባቶቻችሁ ስንት ዓመት ሠርተው የገዙት ቤት ነው። እንግሊዝኛው ለእናንተ አይከብድምና፣ ኮንትራክተር ሲመጣ አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ ውሉን መስመር በመስመር በአማርኛ አንብቡላቸው፣ የፈቃዱን ቁጥር በስልካችሁ አጣሩላቸው። አቲክ የሚወጣም ካለ እናንተ ውጡ፤ እነሱ መሰላል አይውጡ።